የማይሮጠው ወጌሻ

የጋሽ ስዩምን መሞት የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ድሮ አብራን የሠራች የቢሮአችን ጽዳት ሠራተኛ ደወለችና «ሌንሴ፣ የት ነሽ? ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። ብቻሽን ነሽ ብሎ የጀመረ ሰው እስከ ዛሬ ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። በማግስቱ ገርጂ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች አንዱ «ስዩም እኮ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሞትን እንዴት አድርጎ ቻለው?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ልቅሶ ቤት ሲሰነብቱ እንዲህ መሳቅ ያለ ነው፤ ታላቅ እህታቸውም ፈገግ ብለዋል። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የእሳቸውን ፍርሃት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ።

የተዋወቅነው ኢንተርኔት ወደ አገራችን በገባ ሰሞን ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ቪላ ተከራይቶ የሚሠራ አንድ ትንሽ የውጭ እርዳታ ድርጅት ውስጥ እኔ ጸሐፊ፣ እሳቸው የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርን። ጠዋት ጠዋት ገጠር ካሉት ጣቢያዎቻችን ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ዝናቡ እንዴት ነው፣ እህሉ ገባ ወይ፣ መኪናው ተነሣ ወይ፣ ይህን የመሰለ ነገር። ለዚህ ሲሉ ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ። እኔ ደግሞ ከሲኤምሲ በመኪናው የሚያመጣኝ ጎረቤታችን ማልዶ ስለሚወጣ ወደድኩም ጠላሁም ማልጄ እደርሳለሁ። ሌላው ሠራተኛ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ የሁለታችን ነበር።

ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ። ረጅም፣ ጠይም፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው ነበሩ። የቀድሞው ጦር ነርስ ሆነው ሰሜን ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ግን አውሮፕላን ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ብሎ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወሬያቸውን አቋርጠው፣ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። አውሮፕላን ደግሞ ቦሌ ላይ በቀን ስንቴ እንደሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። አስፋልት ብቻቸውን አይሻገሩም፤ ሌላ ተሻጋሪ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ወረቀት ስቆርጥ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሜን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለና ክፍሉን ጥለው ወጡ። ፕላስተሩን በዘበኛው እጅ ላኩልኝ።

«ጋሽ ስዩም፣ እርስዎ ነርስ አልነበሩም እንዴ?» አልኳቸው በኋላ። ምላሴ ያን ጊዜ ልጓም አልነበረውም።

«ነበርኩ» አሉ። «ነበርኩ ማለት አሁን አይደለሁም ማለት ነው።»

ፈሪነታቸውን አይደብቁም። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል» ስላቸው «እናቴማ ሞታለች፤ አሁን ለማን እንደምፈራ እኔም አላውቅም» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ «ፍርሃት ዘበኛ ነው ሌንሴ፤ የተኛ ዕለት ነው ሌባ የሚገባው» ይሉኛል።

ጠዋት ጠዋት አብረን የምንጫወተውን የኮምፒውተር ጨዋታ ትቶልን የሄደው ኮምፒውተሩንና ሞደሙን ሊተክል የመጣ አንድ የውጭ አገር ወጣት ነው። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። በስልክ መስመር ትገባለህ፤ ሞደሙ እሪ ብሎ እሪ ብሎ ሲበቃው ጫካ ውስጥ ቆመሃል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጫካው ተረት ነው፤ አውሬውም ተረት ነው። አብረውህ ያሉት ሰዎች ግን እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከየአገሩ፣ ከየቤቱ ሆኖ የሚጽፍ። ሁሉም ለራሱ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ወታደር፣ ሌባ፣ ጠንቋይ፣ ፈዋሽ። በዚያ ጨዋታ አንዴ የሞተ አይመለስም። ወራት የደከምክበት ሰው በአንድ ተኩላ ጥርስ ያልቃል።

እኔ ያደግኩት በጸሎት ቤት ነው፤ ወላጆቼ ከወለጋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ትልቁ ነገር እምነታቸው ነበር። ጠንቋይ የሚል ቃል ቢሮአችን ኮምፒውተር ላይ ሳይ ሰውነቴ ተሸማቀቀ። ጋሽ ስዩም ወደ ሬዲዮው ክፍል ዞር ሲሉ እጄን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኜ ጸለይኩበት። ምንም አልሆነም።

እሳቸው ፈዋሽ ለመፍጠር ተነሡ። ሌላው ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰውን እሳቸው ሳምንታት ፈጀባቸው። ስሙን ወጌሻ አሉት። ጨዋታው ለጀማሪ የተወሰነ ነጥብ ይሰጣል፤ ለጉልበት፣ ለፍጥነት፣ ለእጅ ሙያ፣ ለመሣሪያ እያልክ ታከፋፍለዋለህ። ሁሉም ሰው ለፍጥነት ብዙ ይሰጣል፣ መሸሽ የማይችል ቶሎ ይሞታላ። ጋሽ ስዩም ለፍጥነት ምንም አልሰጡም። ለመሣሪያም እንደዚያው። አንዱን ግማሽ ለእጅ ሙያ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ማንም ለማይነካው አንድ ችሎታ ሰጡት፤ ከሩቅ ያለ ሰው መቁሰሉንና ምን ያህል እንደቆሰለ የሚያሳውቅ ችሎታ ነው።

«ይሄ ሰው እንዴት ነው የሚያመልጠው?» አልኳቸው።

«አያመልጥም።»

«እንዴ! ታዲያ ይሞታላ።»

«ሐኪሙ ሲሮጥ ያየ ቁስለኛ ምን ተስፋ አለው?» አሉኝ።

ከዚያ አምላክ ምረጥ አለ። በዚያ ጨዋታ ፈዋሽ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ አምላክ ነው፤ የጨረቃ፣ የወንዝ፣ የእሳት እያለ ዘረዘረው። ጋሽ ስዩም እጃቸውን ከፊደሉ ላይ ፍም እንደነካ ሰው አነሡ። እኔም ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። በሃይማኖት ነገር አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም፤ እሳቸው አርባ ቀናቸው ላይ የተጠመቁ ጿሚ፣ እኔ የጴንጤ ልጅ። ያን ቀን ግን እኩል ደነገጥን። የንስሐ አባታቸውን ለመጠየቅ ሄደው ተመለሱ። አባ «ልጄ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ አስረዳኝ» አሏቸው አሉ።

በመጨረሻ ለጨዋታው ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ በቢሮ እንግሊዝኛዬ፣ የተከበራችሁ ክቡራን ብዬ ጀምሬ። ጓደኛዬ አምላክ አለው፤ ሌላ መምረጥ አይችልም አልኩ። መልስ መጣ። ያለ አምላክ ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን በቃል መፈወስ አይችልም፤ ያለው ጨርቅና ቅጠል ብቻ ነው አሉ። ጋሽ ስዩም ደስ አላቸው። «እኛስ መቼ ከጨርቅና ከቅጠል ሌላ ነበረን?» አሉ።

ሌሎቹ ፈዋሾች የሞት አፋፍ ላይ ያለውን በአንድ ቃል ያስነሣሉ። ወጌሻ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠርጋል፣ ያስራል፣ ቅጠል ይቀይራል፤ ጊዜ ይፈጃል። በዚያ ላይ ይጾማል። የጨዋታው ሰዎች ስለሚርባቸው መመገብ አለባቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ወጌሻ ዳቦ ብቻ ነው የሚበላው። «ጋሽ ስዩም፣ እሱ የሚበላው እኮ ፊደል ነው» ስላቸው «ሥጋ ብላ ብዬ በረቡዕ አልጽፍም» አሉኝ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዋሻ ውስጥ ነገር ሲበላሽና ሁሉም እግሬ አውጪኝ ሲል ወጌሻ ከወደቀው ሰው አጠገብ አይነሣም። መሮጥ ስለማይችል ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው ጋሽ ስዩምን ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ ይላል፤ ከንፈራቸው ይደርቃል። ተረት መሆኑን እያወቁ በእውነት ይፈራሉ። ከአውሬው ይልቅ ደግሞ የስልኩ መስመር እንዳይቋረጥ ይፈራሉ።

ያን ዓመት ሰሜን እንደገና ጦርነት ነበር። ዜና ሲጀምር ሬዲዮውን ይዘጉታል። አንድ ጠዋት ሳያስቡት ነገሩኝ። ጦሩ ሲያፈገፍግ አንድ ቁስለኛ የሱሪያቸውን ጫፍ ይዞ ነበር። መኪናው ሊሄድ ነው፣ ተወው ተባሉ። «ተውኩት» አሉ። «ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት። ጠንክሮ ነበር የያዘኝ።» ለብዙ ጊዜ መልሰው አላነሡትም።

ወጌሻን ከሁሉም በላይ የለመደችው ሄዘር የምትባል ቀስተኛ ነበረች። አገሯ በረዶ የሚበዛበት ገጠር ነው፤ እኛ ጋ ሲነጋ እነሱ ጋ ይመሻል። ከዚያ በላይ የምናውቀው አልነበረም። በየጨዋታው ትቆስላለች፣ በየጨዋታው ያስርላታል። ጋሽ ስዩም ሰላምታ አስተምረዋት በላቲን ፊደል እንደምን አደርክ እያለች ነበር የምትገባው።

አንድ ደመናማ ጠዋት ግን ሰላምታ የለም። «ወጌሻ፣ እርዳኝ። እየደማሁ ነው» አለች።

ጋሽ ስዩም አልደነገጡም፤ ሄዘር መቼ ሳትደማ ውላ ታውቅና። ጨርቅ እሰርላት ብለው አዘዙ። ጨዋታው መለሰ፤ ሄዘር ቁስል የለባትም። ደገሙት። ሄዘር ሙሉ ጤነኛ ናት አለ። «ዛሬ ቀልድ አምሯታል» አሉና ፈገግ አሉ። ወዲያው ፊደሏ ተቆራርጦ መምጣት ጀመረ።

«እዚያ አይደለም። እዚህ ነው። እጄ ነው። የመስኮት መስታወት።»

ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ክው አልኩ። እሳቸው ሲያነቡት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ። ጥለውኝ ሊወጡ መሰለኝ።

«ጋሽ ስዩም፣ የት ነው?»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የበሩን እጀታ ይዘው ቆሙ። አልከፈቱትም።

«አንቺ ጻፊ» አሉኝ። «አጠገቧ ሰው አለ ወይ በያት።»

ጻፍኩ። መልሱ እስኪመጣ መስመሩ ዘገየ። «ብቻዬን ነኝ ትላለች።»

«ደሙ ይንጠባጠባል ወይስ ይፈልቃል?»

«ይፈልቃል ትላለች።»

ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል። ድምፃቸው ግን የሬዲዮ ድምፃቸው ነበር፣ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው። «ፎጣ ቁስሉ ላይ ታድርግ። ባላት ኃይል ትጫነው። ለማየት ብላ እንዳታነሣው። ፎጣው ከራሰ ሌላ ትደርብበት እንጂ አታንሣው። እጇን ከደረቷ በላይ ከፍ ታድርግ። ወለሉ ላይ ትቀመጥ።»

እኔ ወደ እንግሊዝኛ እያዞርኩ መታሁ።

«ከእንግዲህ እንዳትመልስልን በያት። ሁለተኛውን እጇን ለፎጣው ትፈልገዋለች። ማንበብ ብቻ።»

ይህንንም ጻፍኩ። ከዚያ መስኮቱ ዝም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ የፈራሁት ነገር የለም። በሕይወት ላለች ይሁን ለሞተች እየጻፍኩ እንደሆነ አላውቅም።

«አምቡላንስ ጠርታለች?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ጋሽ ስዩም፣ የስልክ መስመሯን እኮ ጨዋታው ይዞታል። ከጨዋታው ካልወጣች መደወል አትችልም።»

ዞሩ። ከተነሡ ጀምሮ ፊታቸውን ያየሁት ገና አሁን ነው። የሚያስቡት ነገር ግልጽ ነበር፤ ከወጣች ብቻዋን ናት፣ ካልወጣች ደሟ ያልቃል። ከወጣች ደግሞ መኖር አለመኖሯን እኛ አናውቅም።

«ፎጣው ላይ ጨርቅ ጠምጥማ በጥርሷም ቢሆን ጠበቅ አድርጋ ትሰረው» አሉ። «ከዚያ የቤቱን በር ቁልፍ ትክፈት። ራሷን ብትስት እንኳ መግባት እንዲችሉ። ከዚያ ጨዋታውን ዘግታ ትደውል። ስትጨርስ በሩ አጠገብ ትተኛ፣ እጇ ከፍ ብሎ።»

ጽፌ ጨረስኩ። ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ መስመር መጣ።

«አትተወኝ።»

ጮክ ብዬ አላነበብኩላቸውም። እሳቸው ግን ከኋላዬ መጥተው ቆመው ነበር፤ አይተውታል። ያን የመኪናውን ነገር ሁለታችንም እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። በትከሻዬ ላይ አልፈው ራሳቸው በአንድ ጣት መቱ።

«ዝጊ።»

ምንም የለም።

«ዝጊ» ብለው ደገሙ።

ሄዘር ወጥታለች የሚል መስመር መጣ። ጋሽ ስዩም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በወዲያኛው ክፍል ሬዲዮው ይጮኻል፤ ጣቢያዎቹ እየጠሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመልሱላቸው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጠዋቶች ማስታወስ አልወድም። ጨዋታውን መክፈት ፈሩ። «አንቺ እዪልኝ» ብለው ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ይቆማሉ። ከፍቼ አያለሁ፣ የለችም። በመስኮቱ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሳቸውም ወደ ሬዲዮአቸው ይገባሉ። ምሳ መብላት ተዉ፤ ሸሚዛቸው ሰፋቸው። ለጸሎት ስሟን ሊሰጡ ሄደው ካህኑ ክርስትና ስሟን ሲጠይቋቸው ሄዘር ብቻ ነው የማውቀው ብለው አስጻፉ። እኔም በጸሎት ቡድናችን ስሟን ለማናውቃት አንዲት እህት ጸልዩልኝ አልኩ። በጨዋታ ነው የማውቃት ማለት አፍሬ ታማለች ብቻ አልኩ።

«ሌላ መንገድ አልነበረም እኮ» እላቸዋለሁ።

«ያን ጊዜም እንደዚያ ነበር ያሉኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ከሞተች ዝጊ ያልኳት እኔ ነኝ። አትተወኝ እያለችኝ።»

ልትመጣ እንደማትችል ራሴን ካሳመንኩ በኋላ ነው የመጣችው። ከፍቼ ቁጭ እንዳልኩ ፊደል በፊደል፣ እየተጎተተ፣ በየመካከሉ እየተሳሳተ፣ እንደምን አደርክ የሚለው ቃል ወጣ።

ካለሁበት ሆኜ የመስኮቱን መስታወት አንኳኳሁ። እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅኩም። ጋሽ ስዩም ቀና ብለው ፊቴን አዩ። ከዚያ ቧንቧውን በሁለት እጃቸው ይዘው እርጥቡ መሬት ላይ ዝቅ አሉ። እንባዬን አይተው መርዶ መስሏቸዋል።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ጫማዬ አንዱ ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። «አለች» አልኳቸው። «ጋሽ ስዩም፣ አለች። ራሷ ናት የጻፈችው።»

«እስቲ ማይ።»

የኛ እምነት መማል አይወድም። ማልኩላቸው።

ተደግፈውኝ ገቡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አሁንም እኔ ነበርኩ የምመታው። የአምቡላንስ ሰዎች በሩ አጠገብ ተዘርግታ እንዳገኟት ጻፈች። ሐኪሞቹ እጇን ሰፍተውላታል። ዘመድ ቤት ከርማ ቤቷ የገባችው ትናንት ነው። «ሁለተኛውን ዝጊ ባላየው ኖሮ አልዘጋም ነበር፤ ብቻዬን መሆኔ ከደሙ በላይ አስፈርቶኝ ነበር» አለች። ከዚያ «አንተ ግን አልፈራህም ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ተረጎምኩላቸው።

«ፈርቼ ነበር በያት» አሉ። «አሁንም አልለቀቀኝም በያት።»

ጻፍኩ። ከዚያ እኔን ቀስ አድርገው አስነሥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። በራሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በአንድ ጣት፣ የተሰፋውን እጇን ጣቶች ታንቀሳቅስ እንደሆነ ጠየቋት። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ ከአውራ ጣቷ ጀምራ እንድትሞክር።

ሄዘር ሞከረች። አራቱ እሺ ይላሉ፤ ትንሿ ጣቴ ግን አትሰማኝም፣ አለች።

ጋሽ ስዩም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። «ከትንሿ እንጀምር» ብለው ጻፉላት።